ሽለላ በሳክስፎን፦ ጌታቸው መኩሪያ

መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ በአድናቂዎቻቸው ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚታወሱት፣ ሽለላን፣ ማለትም ዘማች ወኔውን ለመቀስቀስና ጠላቱን ለማስፈራራት የሚያሰማውን የፉከራ ዜማ፣ ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን በማሻገራቸው ነው። በይፋት ተወልደው በክራርና በማሲንቆ የጀመሩት እኚህ የሙዚቃ ሰው፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ወደ ሙያው ገብተው፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል።

በሳክስፎናቸው ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ አንዱን ሐረግ እየደጋገመ ያፋፍማል፤ መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ሲቆሙ ሙዚቀኛውን ከፎካሪው መለየት ያዳግታል። የውጭ ሐያስያን ይህን አጨዋወት ፍሪ ጃዝ ከሚባለው፣ ከተወሰነ የስምምነት ሕግ ከተላቀቀው የአሜሪካ ጃዝ ጋር ማመሳሰል ይወዳሉ፤ ንጽጽሩ ክብር ቢሆንም ምንጩን ይስታል፤ የጌታቸው ትምህርት ቤት የአገራቸው ፉከራ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው አልበማቸው በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ዳግም ከታተመ በኋላ፣ ዘ ኤክስ የተሰኘው የሆላንድ ፓንክ ባንድ አብሯቸው «ሞዓ አንበሳ»ን በ2006 አሳተመ። የጌታቸውን ሥራ ገና ያልሰማ አንባቢ ግን ከ1972ቱ አልበም ቢጀምር ይመረጣል።