የሚገዛ ድንጋጤ

መቼስ ሃያሲ ነኝ ባይ ሁሉ በልብ ወለድ፣ በቴአትርና በዘፈን ላይ ብዕሩን ሲስል እንጂ ሕፃናት ተቀምጠው በሚሽከረከሩበት ወንበር ላይ ሲፈርድ አላየሁም። እኔም ብሆን በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በአንድ ቅዳሜና እሑድ የገጠመኝ ነገር ባይኖር አልሞክረውም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዓርብን ለዘመድ ጥየቃ ማይጨው አድሬ ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ ወደ መቀሌ ስመለስ የአምባላጌን ጠመዝማዛ ወረድን። በ1888 ዓ.ም. ሜጀር ቶዜሊ የወደቀበት ተራራ ነው፤ መንገዱን የቀየሱት ጣሊያኖች ደግሞ ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሰው የመጡት ናቸው። ሾፌሩ ኩርባው ላይ ሲደርስ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ስልኩን ይፈልጋል። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ልጇን በአንድ እጇ፣ የእኔን ጉልበት በሌላው ጨብጣ «አጆኺ፣ አጆኺ» ትላለች፤ ልጇን ይሁን ራሷን እንደሆነ እንጃ። ሆዳችን ወደ ጉሮሯችን ወጣ። ልጅቱ ግን ትስቃለች። ሜዳው ላይ ስንደርስ «ድገመው!» አለችው ሾፌሩን። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ነገሩ ጨዋታ መስሎ የታያት እሷ ብቻ ናት።

ፈረንጆቹ ይህንኑ በገንዘብ ይሸጡታል። ሮለር ኮስተር ለሚባለው ነገር በአማርኛ ስም አልወጣለትም። ጣሊያኖች «የሩሲያ ተራራ» ይሉታል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በሴንት ፒተርስበርግ ከእንጨት በተሠራ የበረዶ ኮረብታ ላይ መንሸራተት ትልቅ ጨዋታ ነበርና። ሩሲያውያኑ በበኩላቸው «የአሜሪካ ተራራ» ይሉታል። ማንም የእኔ ነው ሊለው አልፈለገም። አሜሪካዊው ላማርከስ ቶምሰን በ1884 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ የከፈተው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ፣ አምስት ሳንቲም የሚከፈልበት ነበር። ከመቀሌ ጋሪ ብዙ አይፈጥንም።

እኔን የማረከኝ ግን አሠራሩ ነው። ባቡሩን ሰንሰለት እየጎተተ ወደ መጀመሪያው ኮረብታ ያወጣዋል፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲያ በጥንታዊው ዓይነት ላይ ሞተር የሚባል ነገር የለም፤ የሚነዳው የገዛ ክብደቱ ነው። ሰበቃው በየሜትሩ ጉልበቱን ስለሚበላበት ተከታዩ ኮረብታ ከመጀመሪያው ሊበልጥ አይችልም። እንግዲህ ይህ የተረት ሕግ አይደለምን? አያቴ ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ ትረካዋን አቁማ ቡና ትቀዳ ነበር። ሲኒው እስኪሞላ ድረስ የምንሰማው «ቀጭ፣ ቀጭ» እርሱ ነበር። ከደራሲዎቻችን ስንቶቹ ከሁለተኛው ኮረብታ ጀምረው ገጽ ስድሳ ላይ እንደሚቆሙ አንባቢ ያውቀዋል፤ ስም አልጠራም።

ሌላም አለ። ጆን ሚለር የተባለ መሐንዲስ በ1919 እ.ኤ.አ. ከሐዲዱ በታች የሚገባ ጎማ የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ሠረገላው ሽቅብ ሊዘል ቢቃጣ ከሥር ሆኖ የሚይዘው ነው። ቁልቁለቱ እንዲያ ገደል የመሰለው ከዚህ በኋላ ነው። ተሳፋሪው ያን ጎማ አያየውም። ባያየውም ቲኬት የሚቆርጠው እርሱን አምኖ ነው። በአምባላጌው ሚኒባስ ላይ ያጣሁት ይህን ነበር፤ ልጅቱ ግን እናቷ ነበረችላት።

አቡ ዳቢ በሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለችኝ። አንድ ዓመት በእረፍት ቀኗ ፎርሙላ ሮሳ በሚባለው ላይ ወጥታ ቪዲዮ ላከችልኝ። ይህ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የዓለም ፈጣኑ የተባለ፣ በአምስት ሰከንድ ያህል ጊዜ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነው፤ ፊት የተቀመጠ ሰው አሸዋና ነፍሳት ዓይኑን እንዳይመቱት መነጽር ይሰጠዋል። እንደ ሃያሲ ወንጀሉ ታየኝ። መውጣት የለ፣ መጠበቅ የለ፣ ጅቡ በሩን ሳያንኳኳ ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል። ይህንኑ ጻፍኩላት። «አንተ ሰውዬ፣» ብላ መለሰችልኝ፤ «እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። እዚያ ላይ ግን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም።» ፍርዴን ግማሽ በግማሽ አነሣሁ።

እሑድ የእህቴን ልጅ ይዤ በመቀሌ አንድ የመጫወቻ ግቢ ገባሁ። በሰንሰለት የተንጠለጠሉ አሥራ ሁለት ወንበሮች ያሉት ተሽከርካሪ፣ ሁለት መንሸራተቻ፣ አንድ የተነፋ ላስቲክ ቤት። 30 ብር ከፈልኩ። ጉድለቱን ለመናገር፣ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል፤ ዙሩም ገና ሲጥም ያልቃል። መቀየሪያውን የያዘው ወጣት ግን ባለሙያ ነው። ወንበሮቹን በቀስታ አንሥቶ ልጆቹ «ይኸው ነው እንዴ?» ብለው ፊታቸውን ማጨማደድ ሲጀምሩ ይለቅባቸዋል። ማንም አላስተማረውም። አያቴ ብታየው ደስ ይላት ነበር።

በአዲስ አበባ አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ተከፍቶ ቤተ መንግሥቱ ለሕዝብ ሲታይ እኔም ከጎብኚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ያማረ ነው፤ ለዓይን ነው። ታያለህ፣ ፎቶ ትነሣለህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ትወጣለህ። ሰሞኑን የሚመሰገኑት መናፈሻዎቻችን አብዛኞቹ እንዲህ ሰውን ተመልካች የሚያደርጉ ናቸው። የመቀሌው ግቢ ዛፍ እንኳ የለውም፤ ልጆቹ ግን ተመልካቾች አልነበሩም።

ሦስተኛው ዙር ላይ ወጣቱ ለቀቀባቸውና አሥራ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ወዲያው ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ የጠመጠሙ አንዲት አሮጊት በበሩ እየሮጡ ገቡ። ጫማቸው አንዱ የለም። ምን እንደመሰላቸው ለመቀሌ ሰው አይነገረውም። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ የመጣ አውሮፕላን በአይደር ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ የጣለባት ከተማ ናት፤ ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በአየር ጥቃት መዋዕለ ሕፃናት የተመታባት። በዚህ ከተማ የልጅ ጩኸት የሰማ ሰው ቆሞ አያጣራም።

ወዳጆቼ ያን ያህል መከራ ላየ ሕዝብ መጫወቻ ቅንጦት ነው ይሉኛል። መጀመሪያ ቤት፣ መጀመሪያ መድኃኒት። እውነት አላቸው፤ አልከራከርም። ዳሩ ግን የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላት የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር መግባት ተምራለች። ያንን ድንጋጤ ማንም 30 ብር አስከፍሎ አልሰጣትም፤ መቀየሪያውን የያዘ ሰውም አልነበረም። አሁን ወንበሩ ላይ ሆና፣ መቼ እንደሚያበቃ እያወቀች፣ ራሷ መርጣ ትጮሃለች።

ወጣቱ አሮጊቷን ሲያያቸው ደንግጦ እጁን ወደ መቀየሪያው ሰደደ። «ላቁመው፣ አደይ?» አላቸው። በአጥሩ ሽቦ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ወንበሮቹ በላያቸው ያልፋሉ፤ የእህቴ ልጅ ከላይ ሆና እጇን አወዛወዘችላቸው።

«ግደፎም» አሉት። «ተዋቸው፣ ይጩኹ።»

ከዚያም ጎንበስ ብለው የወለቀ ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።