የጉዲት ጦርነት በእርግጥ ተደርጓልን?

የጉዲት ታሪክ (ብዙዎች ዮዲት ይሏታል) ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አክሱምን አቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፤ የንጉሡን ዘር አሳደደች፤ አርባ ዓመትም ገዛች ይባላል። በልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ አዛውንት ይህንኑ ሲተርኩልኝ ታላቁን የአክሱም ሐውልት የጣለችው እርሷ መሆንዋን ጨመሩልኝ። በምን ኃይል ጣለችው ብዬ ብጠይቃቸው፣ «በጉዷ ነዋ! ስሟስ ጉዲት አይደለም?» አሉኝ።

ስለ ሐውልቱ የአዛውንቱ ቃል አይጸናም። ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ የሆነው ይህ ድንጋይ ሲተከል ወይም እንደ ተተከለ ወዲያው እንደ ወደቀ የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት ይገምታሉ። ይህም ከጉዲት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ መምታታቸውንም የተዉት በ7ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ ጉዲት የመጣችው አክሱም ከደከመች በኋላ ነው።

ታዲያ ጦርነቱ ተረት ብቻ ነውን? አይደለም። በ10ኛው መቶ ዓመት የነበረው የዓረብ መልክዐ ምድር ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል፣ አንዲት ሴት የሐበሻን ንጉሥ ገድላ አገሩን ለብዙ ዘመን እንደ ገዛች ጽፏል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ደግሞ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከውን ደብዳቤ ነገር ይተርካል። በዚያም ንግሥቲቱ ከተሞችን እንዳቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳፈረሰች፣ ንጉሡንም ከቦታ ቦታ እንዳሳደደች ይነበባል። አንዱ የእስላም፣ ሁለተኛው የቅብጥ መጽሐፍ ነው። ሁለቱ ተማክረው ዋሹ ማለት ይከብዳል።

ክርክሩ የሚበረታው ሴቲቱ ማን ነበረች በሚለው ላይ ነው። ደብዳቤው ነገዷን «በኒ አል ሐምዊያ» ይላል። ኮንቲ ሮሲኒ ይህ የጸሐፊ ስሕተት ነው፣ ዳሞት ተብሎ ይነበብ፣ ንግሥቲቱም የደቡብ ሰው ናት አለ። «አይሁዳዊት» ብለው ሊያነቡት የሞከሩም አሉ። ሁለቱም ፊደል ማረም እንጂ ማንበብ አይደለም። የሆነ ሆኖ በልማድ የጸናው ሁለተኛው ነው፤ የዚህንም ዕዳ የተሸከሙት ቤተ እስራኤል ናቸው። በአንድ ባልታወቀ ቃል አንድ ሕዝብ ሁሉ አገር አጥፊ ሲባል መኖሩ እኛን የታሪክ ተማሪዎች ሊያሳፍረን ይገባል። ዮዲት የሚለውም ስም ይገርማል፤ በመጽሐፍ ዮዲት የሆሎፎርኒስን ራስ ቆርጣ ሕዝቧን ያዳነች እንጂ ያጠፋች አይደለችም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ንጉሡ ራሱ የጥፋቱን ምክንያት የሰጠበት መንገድ ነው። እንደ ደብዳቤው፣ መቅሠፍቱ የመጣው በፓትርያርክ ቆዝሞስ ዘመን የተሾመው ጳጳስ ጴጥሮስ በግፍ ስለ ተሰደደ ነው። ነገሩ የዙፋን ጠብ ነበር፤ ጳጳሱ ከሁለት ወንድማማች ታናሹን ስላነገሠ ታላቁ አባረረው። ስለዚህ ንጉሡ በደሉን የፈለገው በራሱ ቤት ነው። የኋላ ተራኪዎች ግን በደሉን ከቤተ መንግሥት አውጥተው በባዕድ ራስ ላይ ጫኑት።

ይህን ደብዳቤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማንም አላስነበበኝም፤ የጉዲትን ክፋት ግን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ንጉሡ በዚያ ሁሉ መከራ ሳለ በኖባው ንጉሥ በኩል ከእስክንድርያ የለመነው ጦር ሳይሆን ጳጳስ ነበር። ከ979 እስከ 1003 (በኤውሮፓ አቆጣጠር) በመንበሩ የተቀመጠው ፓትርያርክ ፊሎታዎስም ዳንኤል የሚባለውን መነኩሴ ሾሞ ላከለት።