«ሰውነት ማጎልመሻ» ለከፍተኛ ትምህርት ይበቃልን?

«ሰውነት ማጎልመሻ» በትምህርት ቤቶቻችን ሥር የሰደደ፣ አመሠራረቱም ያማረ ስያሜ ነው። ጎለመሰ፣ ጎልማሳ ከሚሉት ቃላት ጋር የተዛመደ በመሆኑ፣ የልጅን አካል ወደ ሙሉ ሰው አቅም የማድረስን ሐሳብ ያለ ባዕድ ቃል ይገልጻል። ችግሩ የሚነሣው ስያሜው ከሜዳ ወጥቶ የጥናት ዘርፍ መጠሪያ ሲሆን ነው። «ማጎልመሻ» እንደ ማረሻ፣ እንደ መቁረጫ የመሣሪያ ስም ነው። ስለ ግብርና የሚያጠናውን ትምህርት «ማረሻ» ብንለው ምን ያህል እንደሚያስቅ አንባቢ ይፍረድ።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ይህ ትምህርት «ኤ ሌቭል» በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ እርከን፣ እንደ ፊዚክስና እንደ ታሪክ ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚፈተኑበት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ማስተማር በተጀመረበት ሥርዐት ከውጤቱ 70 በመቶው በጽሑፍ ፈተና፣ 30 በመቶው ብቻ በተግባርና በእንቅስቃሴ ትንተና ይገኛል። ተማሪው ስለ ጡንቻና አጥንት፣ ስለ ልብና ሳንባ አሠራር፣ ስለ እንቅስቃሴ ሕጎች፣ ስለ ስፖርተኛ ሥነ ልቡና፣ ስፖርት በኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ቦታ ይጠየቃል፤ ፈጣን ሯጭ መሆኑ ብቻውን አያሳልፈውም። በእኛ አገር ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ አማርኛው በታችኛው ክፍል እንደ ቆመ ቀርቷል። መምህሩ ስለ ልብ ምት ሊያስረዳ ሲነሣ፣ ተማሪው ኳስ ይጠብቃል። ስለዚህ ለልምምዱ «ሰውነት ማጎልመሻ» ይቆይ፤ ለጥናቱ ግን «የአካል እንቅስቃሴ ጥናት» ቢባል እንመርጣለን። «ስፖርት ሳይንስ» የሚለው ውድድርን አጉልቶ፣ ሕመምተኛ የሚታገዝበትን እንቅስቃሴ ወደ ኋላ የሚያስቀር ይመስለናል።

ስያሜው ቢስተካከልም የውስጡ ቃላት ገና ብዙ ሥራ ይጠይቃሉ። «ብርታት»ን እንውሰድ። ለሯጩም፣ ክብደት ለሚያነሣውም፣ ለታመመውም «በርታ» እንላለን። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ ያሳየው አቅም ግን ክብደት አንሺው በአንድ ቅጽበት ከሚያወጣው ጉልበት ፈጽሞ የተለየ ነው። ለኋለኛው «ጥንካሬ»፣ ለፊተኛው «ጽናት» ቢመደብ ይሻላል። ጽናት የግብረ ገብ ቀለም አለው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ቢሆንም በጊዜ ርዝመት የሚለካ አቅም መሆኑን ከሌላው ቃል ይበልጥ ይጠቁማል። «ኤሮቢክ» ደግሞ በከተማ በሙዚቃ የሚሠራ ልምምድ መጠሪያ ስለሆነ፣ ሰውነት በኦክስጅን አማካይነት ኃይል የሚያመነጭበትን ሂደት ለመግለጽ ብቻውን አይበቃም። «በኦክስጅን»፣ «ያለ ኦክስጅን» ማለት በቂ ነው፤ ግልጽ ነገር ባለበት አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው «መኮማተር» ነው። ጡንቻ ሥራ ሲሠራ ይኮማተራል እንላለን፤ መኮማተር ግን ማጠር ነው። ከባድ ባልዲ በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ የሚያወርድ ሰው የክንዱ ጡንቻ እየረዘመ ይሠራል፤ ባልዲውን ባለበት አንጠልጥሎ ሲቆም ደግሞ ርዝመቱ አይለወጥም። «እየረዘመ ተኮማተረ» የሚል ዐረፍተ ነገር ተማሪውን ግራ ያጋባል። እንግሊዝኛውም ከዚሁ እንከን አላመለጠም፤ እኛ ግን እንከኑን አብረን የምንተረጉምበት ምክንያት አይታየንም። «መወጠር» የሚለውን ግሥ መሠረት አድርገን «አጥሮ መወጠር»፣ «ረዝሞ መወጠር»፣ «ባለበት መወጠር» ብንል ሦስቱም ይለያሉ።

«ጅማት»ም እንዲሁ ተደራራቢ ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውም ጅማት ይባላል፤ በጥንቱ አነጋገር ነርቭም ሳይቀር። የተረከዙ ጅማት የተጎዳበት ተጫዋችና በጉልበቱ ውስጥ ያለው ማሰሪያ የተበጠሰበት ተጫዋች ሁለቱም «ጅማቴን» ይላሉ፤ ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። ስለሆነም ለመጀመሪያው «ጅማት» እንዲጸና፣ ለሁለተኛው «የአጥንት ማሰሪያ» እንዲባል፣ «ነርቭ» ደግሞ እንደ ተለመደው እንዲቀር ሐሳብ እናቀርባለን።