ግልብጥ ፊደል

እንጨት መቅረፅ ስጀምር ያበላሸሁት «ሁሉ» የምትል ቃል ነው። ለበዓል የሚለጠፍ ሥዕል ነበር። ሦስት ቀን ጎንበስ ብዬ ስፈለፍል ከርሜ፣ ቀለሙን በሮለር ቀብቼ፣ ስስ ወረቀት አልብሼ በማንኪያ ጀርባ አሸሁት። ስገልጠው የካዕቡ ቅጥያ ከቀኝ ወደ ግራ ተሻግሮ ቁጭ! ፊደሉን ገልብጬ መቅረፅ ነበረብኝ። መምህሬ ወረቀቱን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙትና በጀርባው አነበቡት። «በዚህ በኩል ትክክል ነው» ብለውኝ ሄዱ። ሌላ ጣውላ ለመጠየቅ እንኳ አፈርኩ።

የእርሳስ ስህተት በላጲስ ይጠፋል፣ በዘይት ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ይደረባል፤ የተፈለፈለ እንጨት ግን አይመለስም። ደግሞም የምትቆርጠው ነጩን ነው፤ ጥቁር ሆኖ የሚታተመው የተውከው ነው። ይህን አስቀድሜ አንብቤው ነበር። እጄ የገባው ግን ያን ቀን ነው።

እንዲህ ያለው የእጅ ሙያ ዩኒቨርሲቲ የገባው ዘግይቶ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ሲከፍቱ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ስሙ አልተቋቋመም፤ እሱ የመጣው በ1954 ነው። የእንጨት ህትመትን በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ ያስተማሩት ሃንሰን ባሂያ ናቸው፤ የብራዚልን ግዛት ስም ከስማቸው ጋር ያጣበቁ ጀርመናዊ። ኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታና ፓሪስ የኖሩት እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምረውበታል። ትምህርት ቤቱ ዩኒቨርሲቲው ሥር የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል።

ዩኒቨርሲቲው ሥር መግባቱ ምን ጠቀመ? አንደኛው ጥቅም የእናቶች ነው፦ «ልጄ ሥዕል ይሥላል» ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ የነበረች እናት «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው» ስትል ጎረቤት ይሰማል። ቀልዴን አይደለም። አንድ ሠዓሊ ቤተሰቡ ካልተቃወመው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ጉዳቱ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። የተቀባ ቀለም ሴሚስተር ስላለቀ ብሎ ቶሎ አይደርቅም፤ መቅረጫ ማሳልም ክሬዲት የለውም። ግን መቅረጫው ካልተሳለ እንጨቱን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። የምረቃ ጽሑፍንም ብዙ አምቼዋለሁ፤ እጅ በሚሠራው ነገር ላይ ምን ወሬ አስፈለገ እያልኩ። ኋላ አንድ ወጣት «ይህን ቦታ ለምን ነጭ ተዉት?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። መምህሬ እንደዚያ ስለሚተዉት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐሜቱን ቀነስኩ።

አሁን ልጆቹ ንድፋቸውን ስልካቸው ላይ በአንድ ጣት ገልብጠው ይመጣሉ። እኔ አሁንም መስተዋት እይዛለሁ። ያቺን ጣውላ አልጣልኳትም፣ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅላለች። ሰሞኑን አንዷ ተማሪ ቀና ብላ «ሁሉ» ብላ አነበበችና «ጋሼ፣ እንዲህ አምሮ የተቀረፀውን ለምን አላተሙትም?» አለችኝ።