ቀለምና ወለሎ፦ የእስክንድር ቦጎሲያንና የሰሎሞን ዴሬሳ ወዳጅነት እንደ ሂስ ጥያቄ

ረቂቅ ሥዕል ከሥነ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው “ሥዕሉ የትኛውን ታሪክ ይተርካል?” የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ሥዕሉን የመጽሐፍ ማስጌጫ ያደርገዋል፤ ታሪኩ ካልተገኘም “አይገባም” ተብሎ ይታለፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ሠዓሊ ከደራሲ ጋር ያለው ወዳጅነት ለሥዕሉ የሚያበረክተው ታሪክ ሳይሆን የአሠራር ስልት መሆኑን ነው። ለማሳያነት የመረጥኩት የሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንንና የገጣሚ ሰሎሞን ዴሬሳን ወዳጅነት ነው።

እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ ቀጥሎም በፓሪስ ለዓመታት ሠራ። በዚያ ቆይታው የጳውል ክሌ፣ የዊፍሬዶ ላምና የሮቤርቶ ማታ ሥራዎች ብዙ እንዳስተማሩት በሥራዎቹ ላይ ይታያል። በ1966 ወደ አገሩ ሲመለስ ሰሎሞን “ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር” በተባለው መጽሔት ላይ ስለ እርሱ አንድ መጣጥፍ በእንግሊዝኛ አወጣ። የመጣጥፉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ “እስክንድር፦ ከዕድሜ ቀድሞ ወደኋላ ሲታይ” እንደ ማለት ነው። ሠዓሊው ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ወደኋላ ተመልሶ መገምገም የዕድሜ ልክ ሥራውን ላጠናቀቀ ሰው የሚደረግ ነውና ርእሱ ራሱ ሁለት የማይገጣጠሙ ነገሮችን አጋጥሞ ያስቀምጣል። ይህን አገጣጠም አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ የክርክሬ መነሻ ነውና።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንሂድ። እስክንድር በ1964 የሠራው “የጁጁ ሠርግ” ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የተሠራው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ፣ በቴምፔራና ብረትማ ቀለም ነው። የካርቶኑ ቅዳጅ አልተሸፈነም፤ ከቅርጹ አንዱ ክፍል ሆኗል። በዚያው ዓመት የሠራውና በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው “የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ” ደግሞ ከናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ ድርሰት ጋር ተያይዞ ይነሣል። ቱቱኦላ እ.ኤ.አ. በ1952ና በ1954 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት የዮሩባን ተረት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ እንግሊዝኛውን በዮሩባ አነጋገር አጣምሞታል። በዚህም ምክንያት ከገዛ አገሩ ምሁራን ሳይቀር ተወቅሷል። ከሥዕሉ ላይ የቱቱኦላን ገጸ ባሕርያት አንድ በአንድ ለመለየት የሚሞክር ተመልካች የሚደክመው በከንቱ ነው። ሠዓሊው ከደራሲው የተማረው በአንዱ ዓለም ቋንቋ ሌላውን ዓለም ሲናገሩ ስፌቱን አለመደበቅን ነው።

የሰሎሞንም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ሰሎሞን ግጥሞቹን “ወለሎ” ይላቸዋል። ለብዙ የአማርኛ አንባቢ ቃሉ ገጣሚው የፈጠረው ይመስላል። በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ላደገ ተማሪ ግን ወለሎ የሚያውቀው የኦሮምኛ ቃል ነው፤ ግጥም ማለት ነው። ገጣሚው በአንዱ መጽሐፉ ርእስ ላይ “ወለሎታት” ሲል በኦሮምኛው ቃል ላይ ከግዕዝ የመጣውን የብዙ ቁጥር ምዕላድ ይቀጥላል። ቃሉ ሙሉ በሙሉ ኦሮምኛ አይደለም፤ ግዕዝም አይደለም። ሁለቱ የተገናኙበት ጠርዝ በግልጽ ይታያል፤ ልክ እንደ “የጁጁ ሠርግ” የተቀደደ ካርቶን።

እዚህ ላይ “እንግዲያው ሥዕሉ ከግጥሙ ተወለደ” ብሎ መደምደም ይቀላል፤ የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን አይፈቅድም። የሰሎሞን “ልጅነት” የታተመው በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970/71) ነው። ሥዕሎቹ ከመጽሐፉ ስድስት ዓመት ያህል ይቀድማሉ፤ በመካከላቸውም የ1966ቱ መጣጥፍ አለ። ስለዚህ ተጽዕኖው ከደራሲ ወደ ሠዓሊ ብቻ ይፈሳል የሚለው ልማዳዊ አመለካከት መፈተሽ አለበት። በእኔ ንባብ፣ ገጣሚው የወዳጁን ሥዕል በስድ ንባብ ሲመረምር በኋላ በግጥም የሚሠራበትን ስልት እየፈተነ ነበር። እዚህ ላይ ሂሱ የሁለቱ ጥበባት መሸጋገሪያ ድልድይ ሆኗል። ሰሎሞን በ1967 በዚያው መጽሔት ስለ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሲጽፍ በርእሱ ቀለማትንና ቃላትን ጎን ለጎን ማኖሩም ለዚህ ንባብ ድጋፍ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የወዳጅ ሂስ ጥያቄ ያስነሣል። ወዳጅ የሥራውን ሂደት በቅርብ ስለሚያውቅ ሌላው የማያየውን ያያል፤ በዚያው መጠን ድክመቱን ሊያልፈው ይችላል። ለእኛ ችግሩ ከዚህም ይከፋል። በአዳማ የሚያጠና ተማሪ ሥዕሎቹን የሚያውቀው በቅጂ ብቻ ነው፤ ዋናዎቹ ከውቅያኖስ ማዶ ናቸው። በቅጂ ላይ ደግሞ የካርቶኑ ቅዳጅ ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል። ስለዚህ የወዳጁን ቃል እንደ ፍርድ ለመቀበል እንፈተናለን። መጣጥፉን እንደ ምስክር ቃል መስማት፣ ፍርዱን ግን ለራሳችን ዓይን ማቆየት የሚሻል ይመስለኛል።

ሌላው ጉዳይ የቋንቋ ነው። የዘመናዊ ሥዕላችን ቀዳሚ ሂሶች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በዚህም የተነሣ አማርኛው ሂስ ስለ ረቂቅ ሥዕል ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ “ሰምና ወርቅ” ወደሚለው መሣሪያ ይሸሻል። መሣሪያው ለቅኔ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ተገፎ ከሥር ያለው እንዲወጣ ይጠይቃል። በእስክንድር ሥዕል የሚገፈፍ ሰም የለም። የተቀደደው ጠርዝ ከላይ ያለ ነው፤ ትርጉሙም እዚያው ላይ ነው። ወለሎታትም ቢተነተን የሚገኘው የተደበቀ ሌላ ቃል ሳይሆን የሁለት ቋንቋዎች መጋጠሚያ ነው።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ ልንለውጠው የሚገባ ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ጥያቄያችን ነው። “ልጅነት”ን እና “የጁጁ ሠርግ”ን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ “ምን ይተርካል?” ከማለቱ በፊት “የተቀደደው የቱ ጋ ነው? ምንስ ከምን ጋር ተገናኘ?” ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቋንቋ እየሰማ ያደገ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ልጅ ከማንም ያላነሰ ጆሮና ዓይን አለው።