የእንጨት ድልድይ፤ የማን ሥራ፣ የማን መሻገሪያ?

ስለ ሥነ ሕንፃ በሚጻፉ ሂሶች ውስጥ ድልድይ፣ ይልቁንም የእንጨት ድልድይ፣ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኝም። ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ አምልኮው፣ ሐውልቱና አደባባዩ ይመረመራሉ፤ ሰው በእግሩ ረግጦት የሚያልፈው ሥራ ግን እንደ ተራ መገልገያ ብቻ ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ስሕተት ነው። ድልድይ ቅርጽና አገልግሎት የማይነጣጠሉበት፣ ተመልካቹና ተጠቃሚው አንድ ሰው የሆነበት ሥራ ነው። በተለይ ከእንጨት የተሠራ እንደሆነ፣ የድንጋይና የሲሚንቶ ሕንፃ ለብዙ ዘመን ሸሽጎ ሊያቆየው የሚችለውን ጥያቄ ሊሸሽገው አይችልም፤ ይኸውም ማን ሠራው፣ ወጪውን ማን ከፈለ፣ ማንስ ተሻገረበት የሚለው ነው። እንጨት ይበሰብሳልና ጥያቄው በየትውልዱ እንደ አዲስ ይነሣል።

በጃፓን ምዕራባዊ ክፍል፣ በያማጉቺ ግዛት ኢዋኩኒ በምትባል ከተማ፣ በኒሺኪ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የኪንታይ ድልድይ ለዚህ ጥያቄ ዋና ምስክር ሆኖ ሊቀርብ የሚገባው ሥራ ነው። ርዝመቱ 193 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር ያህል ነው። አራት የድንጋይ እግሮች በወንዙ አልጋ ላይ ቆመው አምስት የእንጨት ክፍሎችን ይሸከማሉ፤ መካከለኞቹ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 35 ሜትር ያህል የሚዘሉ ቅስቶች ናቸው። ከሩቅ ለሚያየው ወንዙን በአምስት ዝላይ ተሻግሮ የሄደ አንድ ሕይወት ያለው ፍጡር ይመስላል።

ድልድዩን ያሠራው የኢዋኩኒ ሦስተኛ ገዢ ኪካዋ ሂሮዮሺ ነበር። ከዚያ በፊት የተሠሩትን ድልድዮች የወንዙ ደራሽ ጎርፍ እየጠረገ ይወስዳቸው ነበርና የገዢው ምኞት በውኃ ውስጥ የሚቆም ብዙ እግር የሌለው ድልድይ ማግኘት ሆነ። ሐሳቡ የተገኘው ከአንድ ቻይናዊ መነኩሴ እጅ ከደረሰ መጽሐፍ እንደሆነ ይነገራል፤ በመጽሐፉ ውስጥ በሐንግጆው ከተማ የሚገኘው የምዕራብ ሐይቅ ትናንሽ ደሴቶች በድልድዮች ተያይዘው ተሥለው ነበር። ከወንዙ መካከል ደሴት ባይኖር ደሴቱን ከድንጋይ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1673 ተጠናቀቀ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1674 ጎርፍ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት የእግሮቹ መሠረት በድንጋይ ንጣፍ ተጠናክሮ እንደገና ቆመ። ከዚያ በኋላ ለ276 ዓመታት ጎርፍ አልደፈረውም።

የቅስቱ አሠራር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ከሁለቱ የድንጋይ እግሮች አንዱ አግዳሚ በሌላው ላይ እየተደረበ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ከበታቹ ካለው ጥቂት ወደ ፊት ይዘልቃል፤ በመካከላቸው ሽብልቅ እየገባ አቅጣጫውን ያጎብጠዋል፤ በመጨረሻ ከወዲህና ከወዲያ የመጡት ክንዶች በመካከል ይገናኛሉ። ሰው ሲረግጠው እንጨቶቹ ይበልጥ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። አስጎብኚዎችና የጉዞ ጽሑፎች «አንድም ምስማር ሳይነካው የቆመ» እያሉ ማውራት ይወዳሉ፤ ተረት ነው። ድልድዩ በብረት ማቀፊያዎችና በባለ ሁለት ጫፍ ችንካሮች የታሰረ ነው። ተረቱ አናጢውን ያወደሰ ቢመስልም በእውነቱ ያሳንሰዋል፤ የአናጢው ጥበብ ብረትን በመናቅ ሳይሆን ብረትና እንጨት እያንዳንዳቸው የሚችሉትን እንዲሠሩ በማድረጉ ላይ ነውና። እንጨቱም ቢሆን እንዲሁ በጅምላ የተመረጠ አይደለም። ኬያኪ የተባለው ጠንካራ ዛፍ ከባድ ጫና በሚያርፍበት፣ ቀዩ ጥድ በረጅሙ አግዳሚ፣ ሂኖኪ የተባለው መዓዛማ ዛፍ ሰው በሚረግጠውና በሚደገፍበት ቦታ ይገባል። ለያንዳንዱ ቦታ የራሱ እንጨት አለው፤ ዝግባውን ለጣውላ፣ ወይራውን ለምሰሶ የሚለይ የአገራችን አናጢ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የውበት ታሪክ ነው። ግን ይህ ድልድይ ማንን አሻገረ? በፊውዳሉ ሥርዓት ዘመን ድልድዩ የገዢው ግንብ ያለበትን ማዶና የከተማውን ወገን የሚያገናኝ የሳሙራዮች መንገድ ነበር፤ ሥርዓቱ በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ካለፈ በኋላ እስኪፈርስ ድረስ ተራው ሕዝብ እንደልቡ እንዲሻገርበት አልተፈቀደም። ሆኖም ለድልድዩ ጥገናና እድሳት «የድልድይ ሩዝ» የሚባል ግብር ከግዛቱ ነዋሪ ሁሉ፣ ከሳሙራዩም ከገበሬውም፣ ይሰበሰብ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ያመረተውን ሩዝ እየሰፈረ ያቆመውን ድልድይ ከታች በጀልባ እያለፈ ሽቅብ ያየው ነበር። የገባርነትን ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ስለ ኪንታይ ድልድይ ስምምነትና ለስላሳነት የሚጽፉ የሥነ ጥበብ ሰዎች ይህን ግብር በግርጌ ማስታወሻ እንኳ ሳያነሡት ማለፋቸው የሚያስወቅስ ነው። ቅርጹ ያማረ መሆኑ እውነት ነው፤ የሰፊው ሕዝብ ላብ የተከፈለበት መሆኑም እንዲሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካልተነገሩ ሂሱ ግማሽ ሂስ ነው።

ነገር ግን የገዢው መደብ ፈጽሞ ያላሰበው አንድ ነገር ከዚሁ ሥራ በቀለ። የእንጨት ቅስቶቹ በየሃያ ዓመቱ ገደማ መታደስ ስለነበረባቸው፣ በወጣትነቱ ከመምህሩ ጎን ቆሞ ሽብልቅ ያቀበለ ረዳት በጎልማሳነቱ ራሱ መሪ አናጢ ሆኖ ቅስቱን ያቆም ነበር፤ ካረጀም በኋላ ሦስተኛውን እድሳት ቆሞ ያርም ነበር። የ1699 ንድፍ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ ሆኖም ከንድፉ ይልቅ ሙያውን ያቆየው ይህ የእጅ ቅብብሎሽ ነው። ድልድዩ የገዢው ስም ቢጠራበትም እውቀቱ በአናጢው ቤት ነበር የሚኖረው። ገዢዎቹ አልፈው ሲሄዱ ሙያው አብሯቸው አልሄደም።

ይህ ቅብብሎሽ ሲላላ ምን እንደሚከተልም ታይቷል። መስከረም 1950 (እ.ኤ.አ.) ኬዚያ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው። አገሪቱ ከጦርነቱ ጥፋት ገና አላገገመችም ነበር፤ ቶሎና በርካሽ በሲሚንቶ መሥራት የሚያሳምን ምክንያት አላጣም። የከተማው ሕዝብ ግን በእንጨት እንዲሠራ አጥብቆ ጠየቀ፤ በ1953 የእንጨት ድልድይ እንደገና ቆመ። ቀድሞ እንዳይሻገሩ የተከለከሉት ሰዎች የልጅ ልጆች ድልድዩን የራሳቸው ያደረጉት በዚያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ቅስቶቹ እንደገና የታደሱት ከ2001 እስከ 2004 ባሉት ክረምቶች ነው፤ በመካከሉ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። በ1953 መሪ የነበሩት እጆች በዚህ ጊዜ ውስጥ አርጅተው ነበርና አዲሶቹ አናጢዎች ከመምህር አፍ ይልቅ ከንድፍና ከተፈታው አሮጌ እንጨት መማር ግድ ሆነባቸው። ሥራው ተሳካ። ሆኖም ሁለት ትውልድ የሚያህል ክፍተት ለእንዲህ ዓይነቱ ሙያ እጅግ አደገኛ ነው፤ ከተማው ለመጪዎቹ እድሳቶች የሚሆኑ ዛፎችን ማስተከሉ አንዱን ችግር ሲያቃልል ሌላውን፣ ማለትም የሰውን ጉዳይ፣ አያቃልልም።

ድልድዩ ለሕዝብ ያለው ሌላ ዋጋ ግልጽነቱ ነው። በበጋ ወደ ጠጠሩ የወንዝ ዳር ወርዶ ሽቅብ የሚያይ ማንኛውም ሰው አግዳሚውን፣ ሽብልቁን፣ ማቀፊያውን አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችላል። የላላው ይታያል፤ የበሰበሰው ይታያል። ይህ እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይ የኖርዌይን ምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። በጉድብራንስዳል ሸለቆ፣ ትሬተን በተባለ ቦታ፣ 148 ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨትና የብረት የመኪና ድልድይ በ2012 ተከፈተ። ለመቶ ዓመት የታሰበ ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጧት አንድ የጭነት መኪናና አንድ የቤት መኪና በላዩ ሳሉ ተደረመሰ፤ ሁለቱ ሾፌሮች በሕይወት ተረፉ። ምርመራው ያሳየው የእንጨቱ ወገን በአንድ መጋጠሚያ ላይ መገንጠሉን ነው፤ የብረት ካስማዎቹ የተሰኩበት የእንጨት ክፍል እንደ ተቆረሰ ዳቦ ሙሉ በሙሉ ተቦጭቆ ወጣ። በዚያው ሸለቆ በ2016 ፐርኮሎ የተባለ ሌላ የእንጨት ድልድይ በመጋጠሚያው ስሌት ጉድለት ወድቆ እንደነበረም ይታወቃል። በእነዚህ ሥራዎች የብረቱ ሳሕን በሙጫ ከተጣበቀው ወፍራም እንጨት ሆድ ውስጥ የተሰወረ ነው። ውጪው ለስላሳ፣ ንጹሕና ዘመናዊ ነው፤ መንገደኛው ከሚያየው ነገር ሁሉ ውስጥ ግን ሸክሙን የሚይዘው የለም። የእግረኛን ድልድይ ከከባድ መኪና ድልድይ ጋር ማወዳደር ሚዛኑን ያዛባል የሚል ይኖራል፤ ስለ ሸክሙ ልክ ነው፣ ስለ መሰወሩ ግን አይደለም።

በስዊስ አገር በግራውቡንደን፣ ቪያማላ በተባለው ጥልቅ ገደል ውስጥ በሚያልፈው ጥንታዊ የእግር መንገድ ላይ ዩርግ ኮንዜት የተባለው መሐንዲስ በ1996 ያሠራው የትራቨርሲና ድልድይ ከዚህ ተቃራኒ የሆነ አስተሳሰብ ነበረው። ወደ ቦታው የሚያደርስ የመኪና መንገድ ስላልነበረ ዋናው መዋቅር በሄሊኮፕተር ነበር የተወሰደው፤ ስለዚህም ክብደቱን የወሰነው የሄሊኮፕተሩ አቅም ነው። መሐንዲሱ መረማመጃውን ለታችኛው መዋቅር ጣሪያ አደረገው፤ ከላይ ያለው ዝናቡን ይቀበላል፣ ከታች ያለው ደረቅ ሆኖ ይኖራል፤ ያረጀው ክፍል ደግሞ ሌላውን ሳይነካ ተነሥቶ በአዲስ ይተካል። እንጨት የሚሞተው ከውኃ ጋር ሲተኛ ነው፤ ይህን የሣር ክዳን ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙ የመናፈሻ ድልድይ ሠሪዎች ግን ረስተውታል። የኮንዜት ሥራ የተበላሸው በመበስበስ አይደለም። በ1999 ከተራራው የተናደ ቋጥኝ መትቶ ጣለው። በ2005 ስፋቱ 56 ሜትር በሆነ ክፍተት ላይ፣ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የደረጃ መንገድ በምትኩ ተዘረጋ፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው በ22 ሜትር ከፍ ይላል። መንገደኛው በዚያ ላይ ሲወርድ በእንጨት ደረጃና በገደሉ መካከል ያለውን ልዩነት በጉልበቱ ያውቀዋል።

በብዙ አገሮች የሕዝብ መናፈሻዎች ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሥራ ተስፋፍቷል፤ በግንድ አምሳል የተቀረጸ፣ ቅርፊትና ጉጥ ሳይቀር የተሣለለት፣ ቡናማ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ድልድይ። እዚህ ላይ መታገሥ አይቻልም። ሲሚንቶ የራሱ ክብር ያለው ቁስ ነው፤ በራሱ ቅርጽ ቢቀርብ የሚነቅፈው አይኖርም። እንጨት ሲመስል ግን አናጢውን ከሥራው አስወጥቶ መልኩን ብቻ ያስቀራል። አናጢ የማይጠራበት የእንጨት መልክ ሕፃናቱን ምን ያስተምራቸዋል? በደጋው ገጠራችን ክረምት ሲወጣ በደቦ ተሰብስበው ግንድ አጋድመው ወንዝ የሚሻገሩ ገበሬዎች ያችን መሻገሪያ በመጪው ክረምት ጎርፍ እንደሚወስዳት እያወቁ ነው የሚሠሯት። ማንም ሂስ አልጻፈላትም፤ ከቀለም ከተቀባው ሲሚንቶ ግን የበለጠች ሐቀኛ ናት፤ ሠሪውና ተሻጋሪው አንድ ነውና።

ኪንታይ ድልድይም ከነቀፋ ነጻ አይደለም። በ1953 የድንጋይ እግሮቹ ሲታደሱ ውስጣቸው በኮንክሪት ተሞልቶ ውጪያቸው ድንጋይ ለበሰ፤ ጎርፉን ለመቋቋም የተደረገ ስለሆነ ይቅር ሊባል ይችላል፣ ሊካድ ግን አይገባም። በመስከረም 2005 ጎርፍ በዳርኛው ክፍል ያሉ ሁለት የእንጨት ቋሚዎችን መውሰዱም ወንዙ ገና የመጨረሻውን ቃል እንዳልተናገረ አሳይቷል። ዛሬ ለመሻገር ገንዘብ ይከፈላል፤ የሚከፍለው ግን የሚሻገረው ነው፤ ይህም ከሩዙ ዘመን የተሻለ ነው። የሚከብደው ነቀፋ ከቅርጹ ከራሱ ይመጣል። ቅስቶቹ ቁልቁለታቸው የበዛ ስለሆነ መረማመጃቸው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ለዓይን የሚያምረው ይኸው መጉበጡ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው አይወጣውም፤ በምርኩዝ የሚሄድ አዛውንትም አምስቱን ክፍል ለመጨረስ ይቸገራል። እነዚህ ሰዎች ወደ ማዶ መሄድ ሲፈልጉ ከወንዙ በላይ በኩል ባለው የመኪና ድልድይ ዞረው ያልፋሉ፤ ከዚያም ሆነው ቅስቶቹን ያያሉ።