ካልጢ፦ የባዕድ ዓለም ሰላምታ በእኛ ጉሮሮ

ቨርጂኒያ የምታድግ የእህቴ ልጅ አለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አያቷ፣ ማለትም እናቴ፣ ጠጅቱ ትባላለች። ልጅቷ ግን አፍ ከፈታች ጀምሮ «እማማ ቴጂቱ» ነው የምትለው። ስንት ጊዜ አረምናት! «ጠ በይ እስቲ፣ ጠ!» እንላታለን፤ «ተ» ትለናለች። በመጨረሻ ሁላችንም ተውነው።

ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል ገና ፊቴን እንዳየች «ካልጢ!» አለችኝ። ጢዋ ጥርት ያለች ጢ ናት፤ መርካቶ ያደገ ልጅ ከዚህ የተሻለ አይላትም። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት «ሰላም ማለት ነው፣ በናቪ» አለች። ለካ ልጅቷ «አቫታር»ን አይታ ቋንቋውን እየተማረች ኖሯል። እኛ አሥር ዓመት ለፍተን ያላወጣናትን ድምፅ፣ ሰማያዊ ቆዳ ያላቸው ረጃጅም ፍጡሮች በሁለት ወር አወጧት።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ትንሽ ከፋኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ናቪን ማጥናት ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥናት ውጤት ነው።

የቋንቋው ፈጣሪ ፖል ፍሮመር ይባላል፤ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የቋንቋ ምሁር ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን በ2005 ሥራውን ሰጠው፤ ፊልሙ በ2009 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ካሜሮን በእጁ የነበሩት ሠላሳ ያህል ቃላት ብቻ ነበሩ። ፍሮመር የቋንቋው ድምፅ ምን ሊመስል እንደሚችል ሦስት አማራጭ አቀረበለት። አንደኛው በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃል ትርጉም የሚለይ፣ ሁለተኛው አናባቢዎችን በማርዘምና በማሳጠር የሚለይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ተነባቢዎች ያሉት ነበር። ካሜሮን ሦስተኛውን መረጠ።

እነዚህን ተነባቢዎች ፈንጂ ድምፆች ልበላቸው። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና መጀመሪያ «ተ»፣ ቀጥሎ «ጠ» በሉ። በሁለተኛው ላይ ማንቁርታችሁ ወደ ላይ ዘለል ይላል። ጉሮሮ ይዘጋል፣ አየሩ አፍ ውስጥ ይታመቃል፣ ከዚያ ምላስ ስትለቀው ይፈነዳል። ናቪ ከእነዚህ ሦስት አለው፦ ጰ፣ ጠ፣ ቀ። እኛ ደግሞ ጨ እና ጸ ጨምረን አምስት አለን። አማርኛ ውስጥ ጰ እንደ ጳጳስ ባሉ የውስን ቃላት እንግዳ ነው፤ ግን «ኢትዮጵያ» ብለን የአገራችንን ስም በጠራን ቁጥር እሱኑ እናፈነዳለን። እንግዲህ ለሆሊውድ ጆሮ «ይህ የሰው ቋንቋ አይመስልም» ያሰኘው ድምፅ፣ እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚሰማ ነው።

ፍሮመር እነዚህን ድምፆች በላቲን ፊደል የጻፈበት መንገድ ነው የበለጠ የገረመኝ። የቋንቋ ምሁራን ፈንጂ ድምፅን የሚያመለክቱት ከፊደሉ ጎን ነጥላ ጭረት እያደረጉ ነው። በናቪ ግን ያቺ ጭረት ሌላ ሥራ ይዛለች፤ «ናቪ» በሚለው ስም ራሱ መሀል ቆማ የጉሮሮን ቆም ማለት ታሳያለች። በትክክል ከተነበበ «ናእቪ» ነው። ስለዚህ ለፈንጂዎቹ ያገለገለችው ቋንቋው የማይጠቀምባት ኤክስ ናት። ፒ ላይ ኤክስ ሲጨመር ጰ፣ ቲ ላይ ሲጨመር ጠ፣ ኬ ላይ ሲጨመር ቀ ይሆናል። በማንኛውም ስልክ ይተየባል፤ ከተራው ተ እና ከ ጋር በጭራሽ አይምታታም። ነገርዬው ቀላል፣ ግን ብልህ ነው።

አሁን የእናቴን ፓስፖርት አውጡና እዩ። ጠጅቱ በቲ ተጽፋለች። ተስፋዬም በቲ ነው፣ ጥላሁንም በቲ ነው። ያ የላቲን አጻጻፍ ተ እና ጠ የተለያዩ መሆናቸውን አያውቅም። ልጅቷ «ቴጂቱ» ያለችው ምላሷ ደካማ ሆኖ ሳይሆን የተጻፈላትን አንብባ ነው። በፓንዶራ ጨረቃ ላይ ለሚኖሩ፣ በእውን ለሌሉ ፍጡሮች ጠ የራሷ መለያ ተሰጣት። በሚሊዮን ለምንቆጠረው ለእኛ ግን ፎርም ላይ እንደ ተርታ ተ ታለፈች። የከፋኝ ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የፍሮመር አይደለም።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ናቪ አማርኛን አልሰረቀም። ፈንጂ ድምፆች በጆርጂያ ቋንቋም፣ በአንዲስ ተራሮች በሚነገረው ኬቿም፣ በሌሎችም አሉ። ናቪ ደግሞ ለእኛም የሚከብድ ነገር አለው፤ ቃል በ«ንግ» ይጀምራል፣ ረ እና ለ ያለ አናባቢ ራሳቸውን ችለው ቀለም ይሆናሉ። ለወዳጄ ላስረዳው ብዬ በፊደላችን ስጽፈው ግን የእኛ ገበታ ምን ያህል እንደሚመቸው አየሁ። በላቲን ስድስት ፊደል የሚፈጀው ሰላምታ «ካልጢ» ተብሎ በሦስት ያልቃል። «ብዙ» ማለት «ጳይ» ነው። «እሳት» ደግሞ «ጤፕ»፤ ጤፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ሌላው ዝነኛ የፈጠራ ቋንቋ ክሊንጎን የሄደበት መንገድ ይለያል። ማርክ ኦክራንድ በ1985 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደሎችን በአንድ ቃል ውስጥ ቀላቀለ። ትልቁ ኪው እና ትንሹ ኪው ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ገጹን ስትገልጡት ይጮኽባችኋል፤ እንግድነቱን ገና በዓይን ያስታውቃል። የፍሮመር ኤክስ ግን ዝም ብላ ሥራዋን ትሠራለች። እኔ የሁለተኛውን ጨዋነት እመርጣለሁ።

ናቪን እንደ እውነተኛ ቋንቋ ያየሁት ግን በ2022 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ነው። ታሪኩ ከጫካ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄድ ፍሮመር ለባሕረኞቹ የራሳቸው ዘዬ ሰጣቸው። በእነሱ አፍ ፈንጂዎቹ አናባቢ ሲከተላቸው ይለሰልሳሉ፦ ጰ ወደ በ፣ ጠ ወደ ደ፣ ቀ ወደ ገ። የጫካው «ጤፕ» የባሕሩ «ዴፕ» ይሆናል። በዚሁ ሕግ «ካልጢ» ምን እንደሚሆን አስቡት፤ «ካልዲ»! የቡናው አፈ ታሪክ እረኛ ፓንዶራ ላይ ተገኘላችሁ። ቀልዱን ትተን፣ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ድምፅ ከቦታ ቦታ ሲለወጥ ቋንቋው ትናንት እንደነበረው ያስመስላል። እኛም አንዱ «ፀጉር» ሌላው «ጠጉር» ስንል የየራሳችንን መንደር ይዘን ነው የምንናገረው።

እንግዲህ ቅሬታዬ አንድ ናት። ፊልሙ መሬታቸው ከሚወረርባቸው ጎን ይቆማል፤ «እንግዳ» የሚባለው ድምፅ የተመረጠው ግን በወራሪዎቹ ቋንቋ በተቃኘ ጆሮ ነው። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ለተቀመጠ ሰው ያ ድምፅ እንግዳ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ማሰብ ነበረበት ወይ? ላይኖርበት ይችላል። እኛ ተመልካቾቹ ግን ማሰብ አለብን። አለበለዚያ ልጆቻችን የአያታቸውን ስም የጨረቃ ቋንቋ ነው ብለው ያድጋሉ።

ባለፈው እሑድ ለልጅቷ አንድ ነገር ሞከርኩ። «ካልጢ ላይ ያለችውን ጢ አስቢያትና የአያትሽን ስም በናቪ አጻጻፍ ጻፊልኝ» አልኳት። ቲ ጻፈች፣ ኤክስ ጨመረች፣ የቀረውን አስከተለች። ከዚያ የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችው።

እናቴ ከጓዳ «አቤት» አለች።